የኮምቦልቻው ቤትና አሥር ባልዲ ውሃ

መኪናዬ እንደ ባለቤቷ ያረጀች ናት። በጅዳ መካኒኮች ተስፋ ከቆረጥኩ ወዲህ ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ባሕራ ላይ የሚሠራ አንድ የመናዊ ይዣለሁ። ከዚያ አልፎ መካ መግባት እንደማይፈቀድልኝ ገብረእግዚአብሔር የሚለው ስሜ ራሱ ይናገራል። በ2006 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ የሚፈላውን ራዲያተር ላሳይ ስሄድ የጎረቤቴ ልጅ ኢልያስ አብሮኝ ነበር። ኢልያስ ጅዳ ያደገ የፍሳሽ መሐንዲስ ሲሆን እኔ ሐኪም ነኝ። እሱ ቱቦ፣ እኔ አንጀት እናያለን እያልን እንቀላለዳለን።

ጋራዡ ጥላ ሥር ሁለት አረጋውያን ተቀምጠው ነበር። ከመካ ያመጣቸው ታክሲ ጎማው ፈንድቶ ነው። አማርኛችንን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ባልየው ሐጂ ረሺድ መካ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ መስገጃና መቁጠሪያ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ሚስታቸው ዘሊካ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። የሚኖሩት እዚያው መካ ነካሳ ሰፈር ነው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማቸው፣ ካለፈ ቆይቷል፤ ፈቃድ የሌለው ሳይቀጣ እንዲወጣ መንግሥት የሰጠው የምሕረት ጊዜ ደግሞ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ያህል ቢቀረው ነው።

«ሳንያዝ በክብር እንግባ ብለን ነው» አሉ ሐጂ ረሺድ። «ኮምቦልቻ ቤት አግኝተናል። ነገ ጅዳ ቆንስላ ሄጄ ለወንድሜ ልጅ ለጀሚል ውክልና እሰጣለሁ፤ እሱ ይፈርምልናል። የዕድሜያችን ልፋት ያ ቤት ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። ግቢው ሰፊ፣ በሩ አዲስ፣ ሽንት ቤቱ በነጭ ሴራሚክ የተለበጠ ነው። እኔ «ማሻ አላህ» ስል ኢልያስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየ።

«አባባ፣ ፍሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ምኑ?»

«የሽንት ቤቱ ቱቦ። በየት በኩል አልፎ የት እንደሚገባ የተመለከተ ሰው አለ?»

ሐጂ ረሺድ ሳቁ። «ልጄ፣ ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው እዳሪ ያያል እንዴ? ሻጩ ሙሳ አብሮ አደጌ ነው። በስልክ ፋቲሓ ቀርተን ተስማምተናል፤ ሽማግሎች ባሉበት ዱዓ ተደርጓል። ከዱዓ በኋላ ክዳን ክፈትልኝ ማለት አላመንኩህም ማለት ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

«አባባ፣ ሙሳን ይመኗቸው። እሳቸውስ ቢሆኑ መሬት ውስጥ ያለውን መቼ አይተውት?»

«እንዴት ያያል?»

«አዩ! አምና አንድ የጅዳ ሀብታም እብነ በረድ የለበሰ ቪላ ገዛ። በገባ በወሩ ፍሳሹ ሳሎኑ ውስጥ ወጣ። ካሜራ በገመድ አስረን ብናስገባ የዛፍ ሥር ቱቦውን ሰንጥቆታል። ከመግዛቱ በፊት ቢጠራን የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።»

«እሱ የጅዳ ሀብታም ነው። ኮምቦልቻ ካሜራ ከየት ይመጣል?»

«ካሜራ ባይኖር ባልዲ አለ። ጀሚል የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ክዳን ያስከፍት። አሥር ባልዲ ውሃ በሰማያዊ የልብስ ቀለም በጥብጦ በመቀመጫው በኩል ያፍስስ። ቀለሙ ጉድጓዱ ከደረሰ ደግ። ካልደረሰ በመንገድ የሚጠጣው ቦታ አለ ማለት ነው።»

«ወላሂ፣ ሙሳን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ይሉኝታ የሚሉት ነገር የወገኔን ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኔ በሙያዬ አውቃለሁ። ሰው ሐኪም ፊት እንኳ አፍሮ ሆዱን እያመመው ወገቤን ይላል። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ኢልያስ ቀደመኝ።

«አባባ፣ ነቢያችን ገበያ መሐል እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከተው እርጥቡን አላወጡም? ላዩ እኮ ደረቅ ነበር።»

«ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ዘሊካ እጃቸውን ከሻሻቸው ሥር አወጡ። በረኪና የበላው፣ መዳፉ የተሰነጣጠቀ እጅ ነበር።

«ሐጂ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የማዳምን ሽንት ቤት አጥቤያለሁ። ሲዘጋ በዚህ እጄ ጠርጌያለሁ። አንድ ቀን አማርሬብህ አላውቅም። አሁን የራሴ ቤት ልገባ ነው። እዚያም በእጄ ልጥረግ?»

ሐጂ ረሺድ የሚስታቸውን እጅ አዩት። ከዚያ ስልኩን አንስተው ጀሚል ጋ ደወሉ።

በማግስቱ ቆንስላው ሰልፍ ላይ ከሐጂ ረሺድ ጋር ቆምኩ። ፊታችን ሦስት ሰው ሲቀር ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለሚከብድ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ። የደወሉት ሙሳ ራሳቸው ነበሩ።

«ረሺድ፣ ትናንት የፈሰሰው ቀለም የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋ አልደረሰም።»

«ታዲያ የት ገባ?»

«ዛሬ ጠዋት ልጄ ከግቢያችን የውሃ ጉድጓድ ስትቀዳ ባልዲው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። የምንጠጣው እኮ ነው! የልጅ ልጄ ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው ዓይን በላው እያልን ነበር። አፍረህ ዝም ብትለኝ ኖሮ እኔ ልጁን እቀብር ነበር፤ አንተም እዚያው ውሃ ላይ ትገባ ነበር። ቱቦውን አስቆፍሬ በአዲስ እቀይራለሁ፤ የውሃውን ጉድጓድ ደፍኜ የከተማውን ቧንቧ አስገባለሁ። ከዚያ ጀሚል ባልዲውን ይዞ ይምጣ።»

ሐጂ ረሺድ ተራቸውን ለኋላቸው ሰው ለቀው ወጡ። ውክልናውን የሰጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቀለሙ በአዲሱ ቱቦ ጉድጓዱ ደርሶ ሲታይ ነው። ያፈሩበት ጥያቄ ወዳጅነታቸውን አላፈረሰም፤ ይልቁንም ሻጩን ከኃጢአት፣ ገዢውን ከጸጸት፣ ሕፃኑን ከሞት አዳነ። የጠየቀው ወጪ አሥር ባልዲ ውሃና ትንሽ ድፍረት ነው።

ከአረፋ በኋላ ጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስሸኛቸው ሐጂ ረሺድ በየሻንጣው ላይ በተቀመጠው ተመላሽ መሐል እየዞሩ «ቤት የምትገዙ ክዳኑን አስከፍታችኋል?» ይሉ ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። ምሕረቱ አልቆ ነካሳ ውስጥ ፍተሻው ሲጀመር እነሱ ኮምቦልቻ ነበሩ።

ኅዳር ላይ ዘሊካ ደወሉልኝ።

«ዶክተር፣ ዛሬ ሽንት ቤት አጠብኩ።»

«እጅዎን አላመመዎትም?»

«የራሴን እኮ ነው!» አሉና ሳቁ።