የካርቦኑ ደብዳቤ ባለቤት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የቀይ ባህርን ቀለም በትንፋሹ የለወጠ ሰው እኔ ሱሌማን ብቻ ነኝ። እሺ፣ ባህሩን በሙሉ አላልኩም፤ አንድ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆዋም ዛሬ የምንሸኛቸው የእትዬ ለተብርሃን ነበረች፤ ቀለም የሚለውጠውን መድኃኒት ጠብ ያደረጉበትም እሳቸው ናቸው፤ እኔ በመጠጫ ቀሰም ተነፈስኩበት እንጂ። ግን ሰማያዊው ውሃ ቢጫ ሆነ። ይህን ማንም አይክደኝም።

እትዬ ለተብርሃን፣ የመጡበትን ቀን ያስታውሱታል? ኅዳር 1973 ነው። እኔ ያኔ የዚህ ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። አንዲት ላንድሮቨር ከአሰብ ድረስ አቧራ ለብሳ መጣች፤ ከኋላዋ አሥራ ስምንት ጄሪካን። ቤንዚን በራሽን የሚታደልበት ጊዜ ስለነበር ዓይኔ በራ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ባህር ነው አሉኝ። ባህር የሚያስገቡበት ፈቃድ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኩ። ከዚያም ለጥንቃቄ አንዱን ከፍቼ ቀመስኩት።

«እሜቴ፣ ጨው ፈልገው ከሆነ ሾላ ገበያ እኮ ቅርብ ነበር» አልኳቸው።

«ጨውማ ሾላም አለ። ይህ የዓለም ጭስ የገባበት ውሃ ነው፤ ሾላ አይሸጥም» አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት አንዲት አእምሮዋ የተነካ ሴት ተቀጥራለች ብዬ ለግቢው ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ወሬው ከየት እንደተነሳ አሥራ ስድስት ዓመት ሲጠይቁ ከርመዋል፤ ይኸው ዛሬ አወቁ።

ጠባያቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኦሎምፒያ ጀምሮ በእግራችሁ መጥታችሁ፣ ደረጃውን ወጥታችሁ፣ እሳቸው በር ላይ እፎይ ብላችሁ ከሆነ ተይዛችኋል። ያቺ ትንፋሽ የት የምትደርስ ይመስልሃል ብለው ያስቀምጡሃል። ትንፋሽህ ከቦሌ መንገድ የሚኒባስ ጭስ ጋር ትቀላቀላለች፤ ነፋስ ይወስዳታል፤ ባህር ላይ ትደርሳለች፤ ውሃው ይውጣታል። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይበሏታል፤ ሲሞቱ ይዘዋት ወደ ጥልቁ ይሰምጣሉ። ስንቷ ትሰምጣለች፣ ስንቷ ተመልሳ ትወጣለች ስትላቸው ልኩን የሚያውቅ የለም ይላሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ይበራል። ሰው ባለማወቁ ሲደሰት ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው። እኔ ባለማወቄ የማደርገውን ታውቃላችሁ፤ አውቃለሁ እላለሁ።

ለወጣቶቹም የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው። «ያልታወቀ ነገር ባለበት ሁሉ እንጀራ አለ።» መርከብ የሚወድ ይሳፈር፣ ሒሳብ የሚወድ ይቁጠር፣ ኮምፒዩተር የሚወድ ቁጭ ብሎ ይገምት፣ ጠርሙስ በደንብ የሚያጥብም ይፈለጋል፤ የባህር ካርቦን፣ ያ ውሃው የዋጠው ጭስና ትንፋሽ፣ ለሁሉም ሥራ አለው ይሉ ነበር። የውጭ አገር የትምህርት ዕድል በወጣ ቁጥር በእጃቸው ገልብጠው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። እኛ ደግሞ ከላዩ የዕድር ጥሪ እንለጥፍበታለን። በእሳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ሊባኖስ የሚባለው ወጣት ሄደ፤ ይኸው መርከብ ላይ ሆኖ ፎቶ ይልካል። እዚያ ጥግ የተቀመጠችው ናዲያም በሚቀጥለው ወር ትሄዳለች። መቼም ደስ ይላል። ግን አንድ ሰው ስንት ጊዜ ሌላውን እየሸኘ ይኖራል?

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ሰኔ 1982 አንድ ደብዳቤ መጣ። እኔ ያኔ ከዘበኝነት ወደ ተላላኪነት አድጌያለሁ። አንድ የውጭ አገር የምርምር ተቋም ነው የጻፈው። ወይዘሮ ለተብርሃን ሁለት ዓመት በመርከባችን እየሠሩ፣ ባህር ካርቦንን እንዴት እንደሚይዝ እንዲያጠኑ ቦታ ይዘንላቸዋል፤ በአርባ ቀን ውስጥ መልስ ስጡን ይላል። የጊዜው ኃላፊ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለወ/ሮ ለተብርሃን» ብለው መሩት። የመዝገብ ቤቱ ፍስሃ ሰጠኝና ይህ የካርቦኑ ነው፣ ለባለቤቱ አድርስ አለኝ።

ካርቦን አውቃለሁ። የታይፒስቶቹ ነው፤ ጥቁር ነው፤ በሁለት ወረቀት መሃል ይገባል፤ እጅ ያቆሽሻል። ባለቤቱም ወልደጻድቅ ነው፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ። እየፎከርኩ ወስጄ ሰጠሁት። ወልደጻድቅም እንግሊዝኛውን አየት አደረገና፣ የካርቦን ወረቀት አቅራቢ መሆን አለበት ብሎ ከአቅራቢዎቹ ፋይል ጋር አሰረው። አትሳቅ ወልደጻድቅ፣ አንተ እንኳ ስምንተኛ ክፍል ደርሰሃል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፈሬን ሲያስስ፣ እኔ የተማርኩ ነኝ ብዬ አስተማሪዎቹን ቤት ለቤት የመራሁ ጀግና ነኝ። ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ስጨርስ ነው ያ ቀይ ጽሑፍ የገባኝ። ሁለት ጊዜ «ለ» አለበት። ፊደል ገበታው ላይ ደግሞ «ለ» ሁለተኛዋ ናት። እናንተዬ፣ ሁለት ማታ ብማር ይበቃኝ ነበር።

ደብዳቤው ሰባት ወር ተኛ። እትዬ ለተብርሃን በየሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት እየወረዱ ከውጭ የመጣ ነገር አለ ወይ ይላሉ፤ ፍስሃ የሰኔው ደርሷቸዋል ብሎ አዲስ የለም ይላል፤ እኔም ከጎኑ ቆሜ የለም እላለሁ። ጥር ላይ የካርቦን ወረቀት አለቀና አቅራቢ ሲፈለግ ፋይሉ ተከፈተ። ይዤላቸው የወጣሁት እኔው ነኝ። አንብበው ሲጨርሱ፣ ካርቦን ከካርቦን ጋር ተቀመጠ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ይህን ታሪክ ስንቴ እንደነገርኳችሁ ታውቃላችሁ። ቀጥለው ማንበብ አትችልም እንዴ ሲሉኝ፣ መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነው አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

«እኔ ሳልሄድ ቀረሁ፤ አንተ ግን ማታ ትማራለህ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በየመስከረሙ ተመዝግቤያለሁ እያልኩ አምስት ዓመት ዋሸሁ። በዚህ መሃል ባህሩ ራሱ ከእጃችን ወጣ፤ ጄሪካኑ መምጣቱን አቆመ። መሥሪያ ቤታችን ለእሳቸው ያገኘላቸው ሥራ የቧንቧ ውሃ ዝገት መመርመር ነው። አንድ ቀን እንኳ ቅር አለኝ አላሉም፤ ዝገቱንም እንደ ባህር በጥንቃቄ መረመሩት። ዛሬ ደግሞ ሸኘናቸው ብለን ምን ሰጠን? የባህር ሥዕል፣ ከነፍሬሙ። ሥራ አስኪያጃችን አይቀየሙኝ፤ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ እኔ ነኝ።

እትዬ ለተብርሃን፣ አመሰግናለሁ። ይህ ቃል እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግን በማታ ትምህርት አላገኘሁም። ስሜን ለኃላፊ አለማሳለፍዎን ከፍስሃ ሰምቻለሁ። የተጠየቁ ጊዜ ደብዳቤው በፖስታ ዘግይቶ ነው ብለው ፈርመው እንጀራዬን አተረፉልኝ። የናዲያን የትምህርት ዕድል ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ይዤ ስወጣ ስሟን ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የሰጠኋት። ደስታዋን ሳይ ግን አልቻልኩም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ የሚያስደስት ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላየሁትም ነበር።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሱ። የእኔ ሚሪንዳ ነው፤ የእናንተን አላህ ይየው። ለእትዬ ለተብርሃን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ጉልበትዎ ይጽና፣ ቤትዎ ሰው አይጣ፣ ናዲያ ከመርከብ የምትጽፍልዎት ደብዳቤ ሁሉ በቀኑ ይድረስዎት።

ከመጠጣታችን በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ከተናገርኩት ውስጥ አንዱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሳቁን። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳወራው እናንተ ስትስቁ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም። ያን ዕለት አልሳቁም። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን አዩ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ማታ ትማራለህ የሚለውን ነገሩኝና አንዲት ጠርሙስ ማጠብ ጀመሩ። እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ያቺኑ አንዷን ጠርሙስ አጠቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ጠርሙሷ ቀድሞውንም ንጹሕ ነበረች።