ለኬላ የሚሆኑ በጎች

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ስልክ የሚፈተሽበት ኬላ ልንደርስ ስንል፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ስልኳን ትነካካለች። አጠገቧ ያሉት የማያውቋት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ምንድን ነው የምታጠፊው ልጄ?»

«የወንድሜን ሰርግ ፎቶ ነው አባባ። አንዱ ሚዜ ጎፈሬ አለው። የጫካ ሰው ነው ወይ ብለው ይይዙኛል።»

«ነው እንዴ?»

«ኧረ የሒሳብ አስተማሪ ነው።»

«ሁሉንም አጠፋሽው?»

«ሁሉንም። አሁን ባዶ ነው።»

«እሱማ አይሆንም። እኔም ባለፈው ባዶ አድርጌ ብመጣ፣ ምን ደብቀህ ነው ብለው ከመኪና አወረዱኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ አሁን በጎቼን ፎቶ አንስቼ ነው የምይዘው። ይኸው፣ ከላይ እስከ ታች በግ ብቻ ነው። ትንሽ ያዩና ሰልችቷቸው ይመልሱልኛል።»

«እኔ በግ የለኝም።»

«ከኔ ውሰጂ። አላላኩን ልጄ አሳይቶኛል።»

ላኩላት።

«ይቺ ጥቁሯ ታምራለች።»

«ከጠየቁሽ የአባቴ በጎች ናቸው በያቸው።»

«እሺ አባባ።»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ የሟች ወንድሜን ባለ ጎፈሬ ፎቶ ከፍቼ፣ የኬላው ገመድ እስኪታየኝ ድረስ ሳላጠፋው አየሁት።