መምህርት አስካል የተሸከሙልኝ ወቀሳ

በዚህች ወረቀት ላይ ካሉት ነገሮች አንዱን ለሃያ ዓመት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰው ፊት መናገር የምፈራ ብሆንም፣ የአክስቴን የሕይወት ታሪክ በቀብራቸው ላይ ያለ እርሱ ማንበብ ውሸት ስለሚሆንብኝ ታገሡኝ።

አክስቴ መምህርት አስካል ከአባታቸው ከአቶ ቦሼና ከእናታቸው ከወይዘሮ እልፍነሽ በ1955 ዓ.ም. በገዘር ተወለዱ። ጂንካ መጥተው ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሲሠሩ ቆይተው፣ አናጺውን አቶ ይሁኔን አግብተው ደምሰውንና ኤልሳን ወለዱ።

ከ1986 ጀምሮ ግን የሚታወቁት በካቶሊክ ጸሎት ቤታችን ልጆችን በማስተማራቸው ነው። ባለቤታቸው በልጆች ቁመት ልክ ትንሽ መሠዊያ ሠሩላቸው፤ እርሳቸውም ልጆቹን ጨርቁን እያስነጠፉ፣ ጽዋውን እያስያዙ፣ ወይን በሚመስል ቀይ የከርከዴ ሻይ ላይ ጠብታ ውሃ እያስጨመሩ፣ እያንዳንዱ ነገር በቅዳሴ ለምን እንደሚደረግ ያስረዷቸው ነበር። ምስጋና የተባለች ተማሪ የካህኑን ልብስ ደርባ «ድንኳን ውስጥ ገባሁ» ስትል፣ ቀድመው የሳቁት እርሳቸው ናቸው። በኅብስቱ ግን አይቀልዱም፤ ለልምምድ ክብ ወረቀት ቆርጠው ይሰጡ እንጂ ለቅዳሴ የተዘጋጀውን አያስነኩም ነበር።

በ1997 አንድ ቅዳሜ አክስቴ ለለቅሶ ወይጦ ሲሄዱ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና ረዳታቸው የነበርኩት እኔ፣ ሣራ፣ ልጆቹን ተረከብኩ። ወረቀቱ ሰልችቷቸው እውነተኛውን አሳዪን ሲሉኝ እምቢ ማለት አፈርኩና ዕቃ ቤቱ ገብቼ የኅብስቱን ቆርቆሮ ከፈትኩ። ገና አልተባረከም ብዬ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠኋቸው፤ ጣዕም የለውም እያሉም ጨምሪልን ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ጨረሱት። በማግስቱ፣ በወር አንድ ጊዜ የሚመጡት ካህን ቆርቆሮውን ባዶ አገኙት። ለራሳቸው የያዙትን አንዱን ቆራርሰው ለጥቂቶች ቢያዳርሱም፣ ከገዘር በእግራቸው የመጡ አረጋውያን ሳይቆርቡ ተመለሱ።

ወላጆች ልጆቹ ኅብስቱን መብላታቸውን ሲሰሙ፣ ማን እንደሰጣቸው እንኳ ሳይጠይቁ፣ መምህርቷ ቅዳሴን መጫወቻ አደረጉት አሉ። ሽማግሌዎች ሲጠይቋቸው አክስቴ ወደ እኔ ሳይመለከቱ፣ «ልጆቹ የእኔ ናቸው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ብቻ አሉ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከሁለታችን በቀር በማንም እጅ ስላልነበረ፣ ቆርቆሮውን ማን እንደከፈተው አክስቴ ያውቁ ነበር።

ትንሹ መሠዊያ ተነሣ፤ አክስቴም ከማስተማር ታገዱ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆች ቅዳሴን ከመጽሐፍ ብቻ ተማሩ። እኔ ኮሌጅ ገብቼ መምህርት ሆንኩ፤ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ልናገር እያልኩ ዝም አልኩ። እርሳቸውም አንድም ቀን አላነሡብኝም። በ2003 ማስተማሩ ቢፈቀድላቸውም፣ ኅብስቱን ያስበሉት እርሳቸው ናቸው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልቆመም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ትናንት ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይዘው የመጡ ተማሪዎቻቸውን ትተውልናል። ለስንቱ ልጅ የመሠዊያውን መንገድ ያሳዩትን እርሳቸውን እግዚአብሔር በማዕዱ ዙሪያ ያሳርፍልን።

ዛሬ ማለዳ ይህን ጽሑፍ ለካህናችን ለአባ ወስጄ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ ጽሑፉ ቆርቆሮውን የከፈተችው «አንዲት ረዳት» ናት ይል ነበር። አባ አንብበው ሲጨርሱ «ረዳቷ ማን ናት?» አሉኝ። እስክሪብቶ ተውሼ ሰረዝኩትና ስሜን ጻፍኩ።