ጭቃውን ያቦካች ትፈርም

ከጠዳ ወደ ጎንደር በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ ባለው ወንበር አንድ ሽማግሌ ከማያውቋት ወጣት ጎን ተቀምጠው ያወጋሉ። የጠዳውን ቤታቸውን ሸጠው ቁስቋም፣ ልጃቸው ሰፈር ሊገዙ ነው። ገዥው ውልና ማስረጃ ቢሮ እየጠበቃቸው ነው።

«ባለቤትዎም ይፈርማሉ፣ አያ?» አለች ወጣቷ።

«እሷማ ቤት ናት። ምነው?»

«ያለ እሳቸውማ አይሆንም።»

«ካርታው በእኔ ስም ነው፣ ልጄ።»

«ቤቱ የተሠራው ከተጋባችሁ በኋላ ነው?»

«አዎ። ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት።»

«እንግዲያው የጋራችሁ ነው። እሳቸው ካልፈረሙ ውሉ አይጸድቅም።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ሳትፈርም ኖራ!»

«ያን ጊዜ ቤት አልሸጣችሁማ!»

ሽማግሌው ሳቁና ሚስታቸው ዘንድ ደወሉ።

«መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፤ ትፈርሚያለሽ።»

የሴትዮዋ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። «እኔ? ለቤቱ?»

«አዎ፣ ለቤቱ።»

«እንዲያ ከሆነ የአዲሱ ቤት ካርታ ላይም ስሜ ይጻፍ!»

«ይጻፍ፣ ይጻፍ! ብቻ ቶሎ ነይ።»

«ቀሚሴን ልቀይርና መጣሁ!»

«ሸጋ» አሉ ሽማግሌው፣ ስልኩን እየዘጉ።

እኔም ካርታው በባሌ ስም ብቻ የሆነው ቤታችን ትዝ ብሎኝ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ መታወቂያዬን በጣቴ ዳሰስኩት።