አርባ አንድ ወንበር ይዞ ወንበር የሌለው ማኅበር

ሰው አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ወንበር ሲፈልግ ማየት የተለመደ ነው፤ ወንበር ይዞ ሲገባ ግን ብዙ አይታይም። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አናጢ እግሩ አዲስ የተጠገነ ወንበር በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። የሰፈሩ ሰው «አባ ውሃ ልክ» ይላቸዋል፤ ግድግዳም ይሁን ንግግር ትንሽ ከተዛነፈ አይተው ማለፍ ስለማይሆንላቸው ነው።

ትኬት ቆራጯ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ሁለት ትኬት ነው፣ አባባ።»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ።»

«ወንበሩም ቦታ ይዟል።»

«ልጄ፣ ወንበር ሰው ያስቀምጣል እንጂ ራሱ አይቀመጥም።»

«የእናንተ ቁጠባና ብድር ማኅበር ወንበር ሰውም አያስቀምጥ። ሦስት ጊዜ አባል ልሁን ብዬ መጥቼ ሦስቴም ‹ወንበር የለም› ተብዬ ተመልሻለሁ። ዛሬ አንድ ተገኘ ማለት ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አባ ውሃ ልክ ነገሩን ላለማስረዘም የሁለት ሰው ከፈሉና ወንበሩን መተላለፊያው ላይ አቆሙት። ወዲያው ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከባድ ቦርሳ ይዛ ቆማ የነበረች አንዲት ወጣት ሚዛኗን ስታ ዘፍ አለችበት። በዚያ ወንበር ላይ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቀመጠም ነበር። ሽማግሌው «ተነሺ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን የደከመን ሰው ከወንበር ማስነሳት ነውር መሰላቸውና ተዉት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ወዝወዝ ብላ ሞከረችው። «እንዲያ ወድቄበት ሲጥ እንኳ አላለም።»

ከመቶ ሙገሳ አናጢን የሚማርከው ይኸኛው ነው። የአባ ውሃ ልክ ፊት ፈታ አለ።

«ለምን ሲጥ ይላል? ሚስማር የለበትም። እግሩ ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ ጣውላ ነው። በእርጥቡ የሠራ ሰው በዓመቱ ተጣሞ ያገኘዋል።»

«ሦስት ዓመት? ጣውላውን ሲገዙ ምን እንደሚሠሩበት ያውቁ ነበር?»

«ከየት አውቄ? አንድ ቀን ወንበር መሰበሩ እንደማይቀር ግን አውቃለሁ።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባቸውም።

«የማን ነው?»

«የወዳጄ፣ የልብስ ሰፊው። ካረፈ አራት ዓመቱ።»

«ታዲያ ለማን ጠገኑት?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ስለዚህ ከሥሩ ጀመሩ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አርባ አንድ የሰፈር ሰዎች በየወሩ እየቆጠቡ በየተራ የሚበደሩበት ማኅበር አቋቋሙ። እሳቸው አርባ አንድ ወንበር ሠርተው በየመደገፊያው ላይ የእያንዳንዱን ሰው ሙያ በጋለ ብረት አተሙ፤ ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለጸጉር አስተካካዩ ማበጠሪያ፣ ለነርሷ መርፌ፣ ለራሳቸው መላጊያ። አባል ሲሞት ወይም አገር ሲቀይር ወንበሩ በቦታው ይቆያል፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ክብር ነው።

«ዛሬ ከሰዓት ጠቅላላ ጉባኤ አለን» አሉ ቀጥለው። «ማኅበሮቹን የሚያቅፈው ዩኒየን አማካሪ ልኮብናል። ማኅበሮች ስለ ወደ ፊቱ እንዲያቅዱ የምትረዳ ናት አሉ። አዲስ አባል አስገቡ፣ የአምስት ዓመት እቅድ አውጡ ትለናለች። ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ፤ አይሆንም ካልኩ አይሆንም። ትመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች።»

«ሻዩ ስኳር አለው?»

«በልኩ።»

«እንግዲያው እጠጣለሁ» አለች ልጅቷ። «አማካሪዋ እኔ ነኝ።»

ሰው ያማውን ሰው በገዛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያገኘው ሁለት መንገድ አለው፤ መቆጣት ወይም መሳቅ። አባ ውሃ ልክ በመጀመሪያ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሲለኩት ወደ ራሳቸው አጋደለ። ስለዚህ ሳቁ። ሲወርዱም ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘው አብረው ተሸከሙት።

አዳራሹ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ጥግ ላይ የብረት ካዝና፣ መሐል ላይ ወንበሮቹ በአራት ረድፍ። አባ ውሃ ልክ የልብስ ሰፊውን ወንበር በቦታው አስገብተው ውሃ ልኩን ከኪሳቸው አወጡና ለኩት።

«ስንቱ ባዶ ነው?» አለች አማካሪዋ።

«አሥራ ስምንት።»

«አዲስ ሰው አባል ልሁን ሲላችሁስ?»

«ወንበር ሲኖር እንጠራሃለን እንለዋለን።» ይህን ብለው ባዶዎቹን ወንበሮች በዐይናቸው ቃኙ። «ነገሩ እንደሚሰማው አይደለም።»

«እኔም አልሳቅሁም፣ ጋሼ።»

«ስሚኝ፣ ልጄ። እኛ የተዋወቅን ሰዎች ነን። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው እንኳ ብድር አልካደም። ካዝናችን ሞልቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው። የነገውን ደግሞ ማን አየው?»

«መሙላቱ እውነት ነው፤ መዝገባችሁን አይቻለሁ፤ እንደ እናንተ ንጹሕ መዝገብ ያለው ጥቂት ነው። ግን ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተበደረ?»

«ሁለት።»

«በፊት?»

«በፊትማ ተራ ይጠበቅ ነበር። አሁን ሁሉም አርጅቷል። ቤቱን ሠርቷል፣ ልጁን አስተምሯል። ምን ያድርግበት?»

«እንግዲያው ካዝናው የሞላው የሚሠራበት ሰው ስለጠፋ ነው። ወለድ ካልገባ የዚህ አዳራሽ ኪራይ ከምን ይከፈላል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እናንተንም እያሳሳቀ ነው።»

ምሳሌን በምሳሌ መመከት የለመዱት ሽማግሌ ውሃ ልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

አማካሪዋ ቀጠለች። «መተዳደሪያ ደንባችሁ ማኅበሩ ከሃያ አባል በታች ከሆነ ይፈርሳል ይላል። ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ያኔ አርባ አንድ ነበርንና ሃያ ሩቅ መስሎኝ።»

«ዛሬ ሃያ ሦስት ናችሁ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከእነዚህ ወንበሮች የትኛው ላይ ሰው ይኖራል? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ሰውን በቁሙ አትቅበሪ።»

«አልቀብርም። ልጁ ጋር ሊገባ ያሰበ ይኖራል፤ ሰፈር የሚለቅም ይኖራል።»

አባ ውሃ ልክ በረድፎቹ መሐል ሄዱ። ነርሷ ከጡረታ በኋላ እኅቷ ጋር ልትገባ ነው፤ ይህን በምሥጢር ያልነገረችው ሰው የለም። ጸጉር አስተካካዩ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አንድ፣ ሁለት እያሉ ወንበር በወንበር ሲነኩ ስድስተኛው ላይ ደረሱ፤ ስድስተኛው መላጊያ የታተመበት ነበር። እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ።

«አሥራ ሰባት ይቀራል» አሉ። «ማኅበሩ ከኔ ጋር ያልቃል ማለት ነው።»

«እቅድ ካልወጣ።»

«ያልታየ ነገር እንዴት ይታቀዳል?»

«ጠዋት ነግረውኛል እኮ። ምን እንደሚሠሩበት ሳያውቁ ጣውላ ገዝተው ሦስት ዓመት ጥላ ውስጥ አደረቁ። ወንበር መሰበሩ እንደማይቀር ያውቃሉና። የኔም ሥራ ከዚህ አያልፍም፤ የሚመጣውን ቀን አላውቅም፣ የማይቀረውን ግን እናንተ ጋር ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ዛሬ የሚገባ አባል እርጥብ ጣውላ ነው፤ ቁጠባ እስኪለምድ፣ ታምኖ እስኪታወቅ ዓመታት ይፈልጋል። እናንተ ሳላችሁ ነው መድረቅ ያለበት።»

ምክር የሚገባው በሰሚው ሙያ በኩል ሲመጣ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር።

«ወንበሩስ?» አሉ የልብስ ሰፊውን እያዩ። «ወዳጄን በማን ልተካው?»

«መልሱን አላውቅም» አለች አማካሪዋ በቅንነት። «ወዳጅዎን አላውቃቸውም። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ሽማግሌው ወንበሩ አጠገብ ተቀመጡ። «ጨርቅ አባካኝ እንለው ነበር። የልጅ ልብስ ሲሰፋ ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ አጥፎ ይተዋል። ‹ለምን ታባክናለህ?› ስለው ‹ልጅ ያድጋል፤ ያን ጊዜ እናቱ ተርትራ ትለቅለታለች› ይለኝ ነበር። የማያውቀው ልጅ እኮ ነው። አንዴ ልብሱን ከወሰደ ዳግም አያየውም።» ከዚያ ብቻቸውን ሳቁ። «እኔ ለሱ ክብር ብዬ የዘጋሁትን በር እሱ ቢያይ ምን እንደሚለኝ አሁን ገባኝ። የሚለኝን ግን ላንቺ አልደግምልሽም፤ አፉ ክፉ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ አባላቱ እየተደጋገፉ ገቡ። ሊቀ መንበሩ አማካሪዋን ሻይዋን አስጨርሰው ሊሸኟት ነው ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። አባ ውሃ ልክ ግን ተነሥተው የቆጠሩትን ነገሯቸው፤ ከመላጊያው ወንበር ጀምረው።

ጸጉር አስተካካዩ እጁን አነሣ። «የማናውቀው ሰው ገንዘባችንን ይዞ ቢጠፋስ?»

«አንተ አባል ስትሆን እኔም አላውቅህም ነበር» አሉ አባ ውሃ ልክ። «ጸጉሬን ክፉኛ ቆርጠኸኝም እንኳ አመንኩህ።»

ሳቁ ሲበርድ አማካሪዋ ሥጋቱ ተገቢ መሆኑን ተናገረች። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይቆጥብ እንዳይበደር፣ የመጀመሪያው ብድርም ትንሽ እንዲሆን፣ በየዓመቱም ከአሥር የማያንሱ አዲስ ሰዎች እንዲገቡ ተስማሙ። ሊቀ መንበሩ በጭንቅላታቸው ብቻ ይዘውት የኖሩትን ሥራ ሁለት ሰዎች አጠገባቸው ሆነው እንዲማሩም ተወሰነ። አማካሪዋ እቅዱን በሁለት ገጽ ጻፈችው፤ ከዚያ በላይ ማንም አያነበውም ብላ። ስለ ወንበሮቹ ያለውን ሐሳብ ያቀረቡት አባ ውሃ ልክ ራሳቸው ናቸው፤ የቀድሞው ምልክት አይፋቅም፣ የአዲሱ ሰው ከሥሩ ይታተማል። ድምፅ ሲሰጥ ሃያ ሦስቱም እጅ ወጣ፤ የጸጉር አስተካካዩ ዘግየት ብሎ።

የሚቀጥለው ሰኞ አባ ውሃ ልክ ትኬት ቆራጯን ፈልገው «ወንበር ተገኝቷል» አሏት። ከመቀሱ ሥር ትንሽ ትኬት አተሙላት።

ዓመቱ ሲዞር ማኅበሩ ሠላሳ አራት አባላት ነበሩት። ተኝቶ የነበረው ገንዘብ ተነሥቶ ለአንዱ የብየዳ ማሽን፣ ለሌላዋ የቤት ጣሪያ ሆነ። ወለዱ የአዳራሹን ኪራይ ከፍሎ ተርፎ ነርሷ ስትሄድ ያጠራቀመችው ሳይጎድል በአንድ ቀን ተሰጣት። በፊት ቢሆን አንድ ሰው ሲወጣ ሌሎቹ ይሰጉ ነበር፤ አሁን ስንብቱ በሳቅ አለቀ። አስቦ የተቀመጠ ሰው ለመሸኘትም ለመቀበልም ልቡ ሰፊ ነው።

አንድ ቅዳሜ አባ ውሃ ልክ ወንበር ተሸክመው አውቶቡስ ገቡ። ትኬት ቆራጯ አንድ ትኬት ብቻ ቆርጣ ሰጠቻቸው።

«ወንበሩስ?» አሉ።

«የማኅበራችን ንብረት ነው። ደግሞ የማን ተሰበረ፣ አባባ?»

«የኔ ነው። ምንም አልሆነ። ከመላጊያው ሥር ያለችውን ቦታ ላስተካክላት ነው፤ ትንሽ ጎርበጥ ትላለች፣ ምልክት አይይዝባትም።»

«ለማን ምልክት?»

«ገና አላውቀውም» አሉ ሽማግሌው፣ ወንበሩን መተላለፊያው ላይ አስተካክለው እያቆሙ። «እንደሚመጣ ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ቆማ ለነበረች ሴት «ተቀመጭበት፣ ልጄ» አሏት።