የአቶ ምንይሉ እግዜር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አቶ ምንይሉና ሲስተር ሥርጉት ጎን ለጎን የተቀመጡት በረዳቱ ፈቃድ እንጂ በምርጫቸው አልነበረም። እሷ ሞጣ ሆስፒታል፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወዳለው ሥራዋ ትመለሳለች። እሳቸው እዚያው ሆስፒታል የተኛች ልጃቸውን ውበቴን ሊጠይቁ ነው። መጠየቅ ከተባለ! ሚስታቸው የላከችውን የአጥሚት እህል ከበር አቀብለው ሊመለሱ ነበር ያሰቡት።

«ውበቴ ልጄ በሰባት ወሯ ወለደች» አሉ። «ሽማግሌ ሳይላክብኝ፣ ሳላውቅ አገባች፤ ረገምኋት። እግዜርም ሥራ አይፈታም፤ ቀጣት።»

«ኧረ አባባ! ሕፃኑ ምን አጠፋ?»

«እሱን ለሱ ተይው። አባት አይደል? አባት ይቆጣል።»

አቶ ምንይሉ አቡነ ዘበሰማያት በቀን ሰባት ጊዜ ይደግማሉ። ሲደግሙ የሚታያቸው ግን እንደሳቸው ጋቢውን ያጣፋ፣ እንደሳቸው ከዘራ የያዘ፣ ግንባሩን የማይፈታ ሽማግሌ ነው። ሰው አምላኩን በአምሳሉ ሲሰፋ ልኩን ከሩቅ አያመጣም።

«ቤት ሲገቡ ልጆችዎ እንዴት ይቀበሉዎት ነበር?»

«ኮቴዬን ሲሰሙ እንደ ጫጩት ይበተናሉ!» አሉ በኩራት።

«ውበቴ ማግባቷን ለምን የደበቀችዎ ይመስልዎታል?»

«ንቃኝ ነዋ!»

«የናቁትን ሰው ማን ይደበቀዋል? ፈርታዎት ነው።»

ይህን አላሰቡትም። «ፍርሃቱ ከቀረ ማን ይጾማል? ማንስ ከሰው ሚስት ይታቀባል?» አሉ ጮክ ብለው። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ አንገቱን ሰበረ፤ የትኛው ጥያቄ እንደነካው አልታወቀም።

«የፈራ ልጅ ዘወር ሲሉለት ያጠፋል። የወደደ ግን ባያዩትም ያፍራል። ውበቴ በልጅነቷ ታማብዎት ታውቃለች?»

«በኩፍኝ! የሱሃ ወንዝ ሞልቶ፣ አዝያት ተሻግሬ ነው ቢቸና ጤና ጣቢያ ያደረስኋት። ውሃው እዚህ ድረስ!» ደረታቸውን ነኩ።

«ጥፋቷን ቆጥረው ነው ያዘሏት?»

«ምን ነክቶሻል? ልጄ አይደለችም እንዴ!»

«እርስዎ ሱሃ ላይ ያልጣሏትን፣ እግዜር ይጥላታል? ከእርስዎ ያንሳል?»

አቶ ምንይሉ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚቆጡበት ግን አጡ። ያንሳል ቢሉ ክህደት ነው። ይበልጣል ቢሉ ርግማናቸውን የሚያስፈጽምላቸው ሊያጡ ነው። ሞጣ ላይ ወረዱ። ከሆስፒታሉ በር ሲደርሱ ግን እህሉን አላቀበሉም፤ ይዘው ገቡ።

ውበቴ ትኩሳት ይዟት ልጇን ማቀፍ አልቻለችም፤ ባሏ ደም ሊሰጥላት ሄዷል። ቀኑ ያልደረሰ ሕፃን የሚሞቀው በሰው ገላ ነውና፣ ሥርጉት ሽማግሌውን ደረታቸውን በሳሙና አሳጥባ፣ ጭብጥ የሚያህለውን ሕፃን ራቁቱን ደረታቸው ላይ አስተኛችው፤ ጋቢውንም ደረበችበት። ስድስት ልጅ የወለዱ ሰው ናቸው፤ ሕፃን እንዲህ ሲተነፍስ ግን ሰምተው አያውቁም።

«ርግማኑን አንስቻለሁ» አሉ። እንደ አገሩ ወግ እንትፍ ብለው ሊመርቁ ከንፈራቸውን ሲያሾሉ ሥርጉት መዳፏን ጋረደችባቸው።

«በደረቁ ይሁን አባባ! ሳንባው ገና ነው።»

በደረቁ መረቁ።

ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ክብደት ጨመረ፤ ውበቴ የልቧን ለአባቷ መንገር ለመደች፤ ቶሎ ጨርሶ ለመሸሽ ይመስል ይጣደፉበት የነበረውን ጸሎትም አቶ ምንይሉ ዛሬ ረጋ ብለው ይደግሙታል። ይህ ሁሉ ግን የኋላ ነው። ያን ዕለት ውበቴ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና ደነገጠች።

«አባየ... አልተቆጡኝም?»

«ቀስ በይ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ይነቃል።»