የእትዬ ባንቺአየሁ ባዶ መስመር

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርስዎ እትዬ ባንቺአየሁ፤ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ በስንብትዎ ላይ ተናገር የተባልሁት ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ አንደበቴ ስለተባ አይደለም። ይኸንንም ያሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ “ያረጋል ድምፁ ዘጠኝ ነው፣ ንግግሩ ስድስት” ብለው።

እትዬ ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት የመጡ ዕለት እኔ አልነበርሁም፤ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት ነው። ጥበቃችን ጋሽ ክንዱ ግን ነበሩ፤ ያውና በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከወዲሁ ይስቃሉ። አዲስ ሠራተኛ መጣች ብለው ሻይ አፍልተው አቀረቡላቸው።

“ሻዩ እንዴት ነው፣ ልጄ?”

“ከዐሥር አራት ነው።”

ጋሽ ክንዱ ክው አሉ። እትዬ ግን ቀጠሉ፦ “ስኳሩ በዝቶ ቅጠሉን ገድሎታል። እኔ ግን እንዲህ ሲጣፍጥ ነው የምወድ። እስቲ ይድገሙኝ።”

ጋሽ ክንዱ ያን ዕለት ይመስገኑ ይሰደቡ እስከ ዛሬ አልገባቸውም። ሻዩን ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስኳር አብዝተው አፍልተዋል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእኛ ዘንድ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ሁሉ እትዬ ያወጧትን ወረቀት ያውቃታል። በየመጽሐፉ መጨረሻ የተለጠፈች ናት፤ ሁለት መስመር አላት። ላይኛው “ሚዛን” ይላል፣ ታችኛው “ልብ”። በሚዛኑ መጽሐፉ ከዐሥር ስንት እንደሚገባው ከነምክንያቱ ይጻፋል። በልቡ ደግሞ አንባቢው የወደደውን እንደወደደ ይጽፋል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ወዮለት!

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ “ሚዛን፦ ዐሥር” ብሎ መለሰ።

“ምኑ ነው ዐሥር፣ የኔ ልጅ?”

“ባለታሪኩ ሞክሼዬ ነው።”

“እሱ የልብ ነው፤ ወደ ታች አውርደው!”

ዐርብ ዐርብ በአዳራሹ ፊልም ስናሳይማ የባሰ ነበር። የአጎቴ ልጅ ቢያድግልኝ ቡሬ ላይ ባጃጅ እየነዳ ባጠራቀመው ፊልም ሠራ። ከቡሬ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ አምጥተን “ዐሥር! ዐሥር!” እያልን ጮኽን። እትዬ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተነሡና “አምስት” አሉ።

“እትዬ፣ ሲያለቅሱ አይቼዎት የለም እንዴ?” አልሁ።

“እንባዬማ የኔ ነው፤ አልክድም። የፊልሙ ድምፅ ግን አይሰማም። ገበሬ በሬውን ስም አውጥቶ ቢጠራው፣ ቢያቆላምጠው ደግ ነው። ገበያ ሲያወጣው ግን ገዢው ጥርሱን ያያል።”

ቢያድግልኝ ስድስት ወር አኮረፈ። ሁለተኛውን ፊልም ሲሠራ ግን መጀመሪያ የገዛው ጥሩ ማይክሮፎን ነው።

እኔንም አልማሩኝም። እንደ ልጃቸው እንደሚወዱኝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከባልደረባችን ከሰብሊ ጋር ደግሞ በመስኮት መክፈትና መዝጋት ስንት ዓመት እንደተነታረኩ ታውቃላችሁ። ኃላፊያችን ናቸውና የሥራ ምዘና ሲሞሉ ለሰብሊ ዘጠና ሰጡ፣ ለእኔ ሰባ ሁለት!

“እትዬ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም እንዴ?”

“ልጄማ ነህ። እያረፈደ የሚመጣው ግን ማን ነው?”

ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ አመሰግናለሁ። እዚህ ቤት ከመግባቴ በፊት የወደድሁት ሁሉ ጥሩ፣ የጠላሁት ሁሉ መጥፎ ይመስለኝ ነበር፤ መጽሐፉም፣ ሰውም። ሰውን ወድጄ ጥፋቱን መንገር፣ ሳልወደውም ሙያውን መመስከር የተማርሁ ከእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነን ነበር። እትዬ በስንትና ስንት መጽሐፍ ላይ ሚዛን ሲጽፉ፣ የልቡን መስመር አንድ ቀን እንኳ ሞልተው አያውቁም። ብንጠይቅ “የኔ ልብ ለመደርደሪያ ምን ይሠራለታል?” ይሉናል። የሚወዱት የትኛውን ይሆን እያልን ስንወራረድ ኖርን።

ባለፈው ሰኞ መልቀቂያቸውን ልጨርስ በስማቸው የተዋሱትን ስፈትሽ አንድ የመጽሐፍ ውሰት ካርድ አገኘሁ። ዐሥራ አንድ መስመር ተሞልቶበታል፤ ዐሥራ አንዱም “ባንቺአየሁ”። በየዓመቱ፣ ክረምት ሲገባ፣ ለሁለት ሳምንት። ሌላ ሰው አንድም ጊዜ አልተዋሰውም። ልብ ወለድ ነው፤ የደራሲው ዘመድ እዚህ ይኖር ይሆናልና ርዕሱን አልናገርም። ሚዛኑን በእጃቸው ጽፈዋል፦ “ሦስት። በገጽ አርባ ሞቶ የተቀበረው ሰው በገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ሚስት ያጫል።”

ይዤው ሄድሁ። “እትዬ፣ ይኸ ምንድን ነው?”

ካርዱን ተቀብለው አዩትና ነገሩኝ። ዛሬ እንድናገረውም ፈቅደውልኛል። ታናሽ ወንድማቸው ጌታሁን ባረፈ በዓመቱ፣ በትውልድ ቀያቸው በፈረስ ቤት፣ ዓይናቸው ለታወረ አባታቸው ይኸን መጽሐፍ ያነቡላቸው ነበር። አባታቸው ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት ላይ ያ የሞተው ሰው ብቅ ሲል ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

“ተመስገን! ይኸ ጸሐፊ ሞትን የረሳ ደግ ሰው ነው። እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ።”

እትዬ ደገሙላቸው። በማግሥቱም፣ ሁለቱን ሳምንት ሁሉ። አባታቸው ካረፉ በኋላም በየዓመቱ ያችን ገጽ ለማንበብ ይዋሱታል። ሰባት ነጥብ ያስቀነሰው ስሕተት ነው እንግዲህ አባታቸውን ያሳቀው። ቢሆንም ሦስቱን አራት አላደረጉትም!

“ዘንድሮ ግን አልተዋሱትም” አልኋቸው።

“ፈራሁ፣ ያረጋል። ወደ ፈረስ ቤት ልገባ ነው፤ ዘንድሮ ብወስደው የምመልሰው አልመሰለኝም።”

አሁን ጉዳዩን ስሙኝ። እትዬ ራሳቸው ያረቀቁት ደንብ አለን። ሚዛኑ ከአምስት በታች ሆኖ ዓመት ሙሉ ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ይወገድና ለፈለገው ሰው በነፃ ይሰጣል፤ ለሠራተኛ ግን አይሰጥም። በየክረምቱ መዋሳቸው ነው ለካ መጽሐፉን ከመወገድ ያቆየው። ዘንድሮ ዓመቱ ሞላ። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ያለ እትዬ ተሰበሰበ። አንደኛ፣ ሚዛን፦ ሦስት። ሁለተኛ፣ በዓመቱ የተዋሰው ሰው፦ የለም። “ይወገድ” ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ሰብሊ ናት።

እርስዎም፣ እትዬ፣ ከዛሬ ጧት ጀምሮ የዚህ ቤት ሠራተኛ አይደሉም። ይኸውልዎት መጽሐፉ፤ “ተወግዷል” የሚል ማኅተም አለበት። ለልብዎ አድልተው ዘጠኝ ቢሰጡት ኖሮ ደንቡ ከመደርደሪያ አያወርደውም ነበር። ማንም አላደላልዎትም፤ ያልተዛባው ሚዛንዎ ነው የሰጠዎት።

በሉ ሁላችሁም ብርሌያችሁን አንሡ፤ ጋሽ ክንዱም ሻይዎን። እትዬ ባንቺአየሁ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። የፈረስ ቤት ደጅዎ ጠያቂ አይጣ፤ ክረምቱ የንባብ፣ በጋው የዕረፍት ይሁንልዎት። ስናጠፋ የሚነግረን ሰው ሄደብን፤ ያስተማሩን ግን እዚሁ ይቀራል። ለጤናዎ!

ብርሌውን ሲያስቀምጡ ደግሞ መጨረሻውን ገጽ ይግለጡት። መጽሐፉ አሁን የመደርደሪያ አይደለም፤ የልቡም መስመር እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እስክሪብቶው ይኸውና፣ እትዬ።